በሳሎናችን ያለፈው ሐዲድ

ባለፈው ሳምንት የስልኬ የቻርጅ ቀዳዳ አልሠራ ብሎኝ ገበያው አጠገብ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ሱቅ ይባል እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሳጥን ነው። ጠጋኙ ካውያውን ሰካ፣ ጫፉ እስኪግል ጠበቀና የመበየጃውን ሊድ ነካ አደረገበት። ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ። የሙጫና የትኩስ ብረት ሽታ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ገብቶ የሚቀመጥ፣ ውሃ ቢጠጡበት የማይወርድ። ግድግዳውን ያዝኩ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩት። አዳማ ላይ ሙቀቱ ነው ካላችሁ ማንም አይከራከራችሁም።

ሙቀቱ አልነበረም። ያ ሽታ አንድ ክረምት ሙሉ የቤታችን ሽታ ነበር። መጋረጃው ያንኑ ይሸት ነበር፣ ትራሴ ያንኑ፣ እናቴ የምትሠራው ሽሮ ሳይቀር ያንኑ። ስለዚያ ክረምት ለማንም በሙሉ አውርቼ አላውቅም። ባሌ እንኳን የሚያውቀው ግማሹን ነው። ዛሬ ግን ላውራው፤ እናቴም አባቴም አልፈዋል፣ የሚቀየመኝ ሰው የለም።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መዶሻ ትከሻው ላይ አድርጎ ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለውን ሐዲድ በእግሩ የሄደ ሰው። ብረቱን በመዶሻ መታ ያደርግና ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። የላላ ብሎን ድምፁ ይለያል ይላል፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የታመመው ያጉረመርማል። አሮጌው ባቡር መሄድ ሲያቆም መዶሻውን ይዞ ቤት ገባ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ ፍየሎች ተኙበት። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይመለስ ነበር። እናቴ «የት ነበርክ?» ስትለው፣ «ሥራ» ይላል። እሷም አትስቅም፣ እሱም አይስቅም።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ አልመጣ ብሎት ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሞጆ! ሞጆ!» እያለ ሲያልፍ፣ ከጓደኞቼ ጋር ከሆንኩ ፊቴን አዞር ነበር። ያንን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። እሱ ግን አይቀየምም። ማታ ሲገባ የማጠናበትን ክፍል በር በመዳፉ ደለቅ ደለቅ አድርጎ «ወራጅ አለ?» ይለኛል። እንዳልስቅ ከንፈሬን እነክሳለሁ፣ ግን ማን ይችለዋል።

ግንቦት ላይ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ተነጋግረው ኖሮ፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ መሆኑን ለአባቴ ነገረው። እኔ ግቢ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ለመነ። ቀጥሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ከፍ አድርጎ፣ «ሂድ! መንገዱ ከጠፋብህ ሐዲዱን ተከተል፣ ባሕር ውስጥ ይከትሃል!» አለው።

የንዴት ንግግር ነው። አባት ሲናደድ ከዚህም የባሰ ይላል፤ እራት ሲቀርብ ይረሳዋል። ይህኛው ግን የሚረሳበት እራት አላገኘም። ወንድሜ እራት ሳይበላ ተኛ፣ በማግስቱ ሳይነጋ ወጥቶ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ከመተሐራ ደወለ። ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ነፋስ ይሰማል፣ የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ እሱ ይስቃል። «ለአባዬ ሐዲዱን እየተከተልኩ ነው በዪው» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ የእርቅ ቀልድ። እኔም እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኩት። አባቴ ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰፋፊ ችፑድ ጋሪ ላይ ጭኖ መጣ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው እናቴ።

«ሐዲድ» አላት።

ልብ በሉ፣ አባቴ ቤት ውስጥ ሚስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነበር። የተሰበረ ወንበር ሁለት ዓመት ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። አሁን ግን ብሎኬት ደርድሮ ችፑዱን ከላይ አጋደመ። ከብስክሌት ጠጋኞች የተጣለ ራጂ ሰበሰበ፤ ያንን ጎማ የሚወጥር ቀጭን ሽቦ ሐዲድ አደረገው። ከሥሩ የክብሪት እንጨት ረበረበ። ቀይ አሽ በወንፊት ነፍቶ እንደ ጠጠር በተነበት። ወንፊቱ የእናቴ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ ይታመስ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። የፈንታሌን ተራራ በጀሶ ሠራው። ባቡሩ የሳልሳ ቆርቆሮ ነው፤ እግሩ የለስላሳ ቆርኪ፣ ውስጡ የአሮጌ ቴፕ ሞተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ። ሽቦውን ከሽቦ በካውያ ሲያያይዝ እኔ ሊዱን እይዝለታለሁ፣ ያ ጭስ በሁለታችን መሃል ይነሣል፣ ዓይናችን ያለቅሳል። ለማልቀስ ሰበብ ማግኘታችን መልካም ነበር።

አዳማ ከመግቢያው በር አጠገብ ነበረች። ሐዲዱ ከዚያ ተነሥቶ በሶፋው ጀርባ ወለንጪቲን፣ በብፌው ጎን መተሐራን አልፎ ሳሎኑን ይዞርና በወንድሜ መኝታ ቤት በር ይገባል። ጅቡቲ አልጋው ግርጌ ላይ እንድትሆን ታስቦ ነበር። አልጋውን ወደ ጥግ እንግፋው ቢላት እናቴ እንቢ አለች። በየቅዳሜው አንሶላውን ትቀይር ነበር፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ መልሳ ታነጥፋለች። እንግዳ ሲመጣ ወለንጪቲን ተሻግሮ ነበር ሶፋ ላይ የሚቀመጠው።

ሁለተኛው ስልክ ከአዋሽ፣ ሦስተኛው ከድሬዳዋ መጣ። የድሬዳዋው ይቆራረጥ ነበር። አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «በርታ» ብቻ አለው። ወንድሜ፣ «ከድንበሩ፣ ከደወሌ ወዲያ ስልክ የለም አሉ። ባሕሩ ጋ ስደርስ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ ገባ። ስልኩ ሲጮህ ሦስታችንም እንነሣለን፤ ወይ የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ ወይ አክስቴ ናት። አንድ ቀን አባቴ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ቀና ሳይል፣ «ሐዲዱ ባሕር ሲደርስ ይደውላል» አለ። ለራሱ ነው ያለው። እናቴ ግን ሰማችና አማተበች። እሷ ለማርያም ተስላ ነበር፤ የእሱንም እንደ ስለት ቆጠረችለት መሰለኝ። እኔ ደግሞ አመንኩት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ የምይዘው ነገር አጥቼ ነበር፣ ያንን ያዝኩ።

ሥራው ለአንድ ሰው ስለበዛ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ ተቀላቀሉት። አንደኛው አዋሽና ከዚያ ወዲያ ባሉ ትናንሽ ጣቢያዎች የኖረ ጣቢያ ሹም ነበር፤ የአርሲ ሰው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሳሎናችን ውስጥ ምንጣፉን ዘርግቶ የሚሰግድ። ሌላው የድሬዳዋ ልጅ፣ ባቡር ነጂ የነበረ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ጉንጩ ጫት የማያጣ፣ «አቦ» ሳይል ንግግር የማይጀምር። ሦስቱ አገሩን ተከፋፈሉት። እስከ አዋሽ አባቴ፣ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ጣቢያ ሹሙ፣ ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ ነጂው። ካርታ አላዩም። እያንዳንዱ ድርሻውን ከነኮረብታው፣ ከነኒም ዛፉ፣ ግመል ከሚተኛበት ኩርባ ጋር በጭንቅላቱ ይዞታል።

በየቤታቸው ሠርተው አንድ እሑድ ከሰዓት አመጡት። አይገጥምም! የሐዲዱ ስፋት ሁለት ጣት ይሁን ተባብለው ነበር፣ ሦስቱም በየራሳቸው ጣት ለክተዋል። ባቡሩ አዋሽ ሲደርስ ተንገዳግዶ ወደቀ።

ጣቢያ ሹሙ የነጂውን እጅ አንሥቶ አየና፣ «ይሄ እኮ ጣት አይደለም፣ ሙዝ ነው» አለ በዝግታ።

«አቦ፣ ያንተ ደግሞ ስክሪብቶ ነው! ፊርማ ስትፈርም ኖረህ ሟሟ!»

አባቴ እንኳን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ ሦስቱም ዘወር ብለው እኔን አዩ። «የልጅቷ ጣት ይሁን፣ ለማንም አያዳላም» አለ ጣቢያ ሹሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መለኪያው እኔ ሆንኩ። ስፋቱ በእኔ ሁለት ጣት፣ ከጣቢያ ጣቢያ በእኔ ስድስት ስንዝር። እጄን ችፑዱ ላይ እዘረጋለሁ፣ እነሱ በእርሳስ ያሰምራሉ። ሁሉም ድርሻውን አፍርሶ በእኔ እጅ ልክ እንደገና ሠራው። ከክፍል አንደኛ ወጥቼም እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

ነሐሴ ባተ፣ ፍልሰታ ገባ። እናቴ ሱባዔ ያዘች። ሳይነጋ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትውላለች፣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ ጥሬ ቆርጥማ ትተኛለች፣ ከሰው ጋር አታወራም። አንዴ እግሯን ሳጥባት፣ «አሥራ አምስቱን ቀን ከፈጸምኩ ማርያም ድምፁን ታሰማኛለች» አለችኝ። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ነበር። ብዙ እንደሰገደች ያን ጊዜ አወቅሁ።

በዚያው ሳምንት ሐዲዱ መጓተት ጀመረ። የቀረው የነጂው ድርሻ መጨረሻ ብቻ ነበር፤ ከደወሌ እስከ ባሕሩ፣ በእኔ እጅ ስድስት ስንዝር። ነጂው መጀመሪያ ቀለሙ አልደረቀም አለ። ቀጥሎ ኩርባ ረስቻለሁ ብሎ ግማሹን ነቀለው። ጣቢያ ሹሙ፣ ያ እንደ ድመት የሚራመድ ሰው፣ የአዋሽን ድልድይ ረግጦ ሰበረው፤ እሱን በመጠገን ሁለት ቀን ሄደ። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ወደ ወንድሜ ክፍል ስገባ ነጂው ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ትናንት ራሱ የመታቸውን ሚስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ሲያወጣ አገኘሁት። ሲያየኝ አልደነገጠም። ጉንጩ ባዶ ነበር፤ ጫት አልያዘም።

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው የሚያዘገዩት!» አልኩት። ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«አቦ ልጄ» አለ ሚስማሩን እያየ፣ «ባቡር ቢዘገይ ምን አለበት?»

ጠላሁት። ሰነፍ ሽማግሌ፣ አልኩ በልቤ፤ ወንድሜ ባሕር ዳር ቆሞ ሊደውል እኛን ይጠብቃል፣ አንተ እዚህ ሚስማር ትነቅላለህ። እንዲህ ነበር ነገሩ በጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው። ሐዲዱ ካለቀ ስልኩ ይጮኻል፣ ካላለቀ አይጮኽም። ጥፋቱ የነጂው ነው።

ስለዚህ እኔ ልጨርሰው ወሰንኩ። መለኪያው የእኔ እጅ አይደል?

የቡሄ ዋዜማ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አባቴ የእድር ስብሰባ ሄዷል፣ ሽማግሌዎቹ አይመጡም። ከጠዋት ጀምሬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ክብሪት ደረደርኩ፣ ራጂ ቆረጥኩ፣ ለካሁ፣ መታሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ካውያውን ነቅዬ እጠብቃለሁ፣ ሲያባራ እሰካለሁ። ጣቴን ሁለት ጊዜ አቃጠልኩ። የቀረኝ ባሕሩ ነበር።

ባሕር አይቼ አላውቅም። አሁንም አላየሁም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ሰነድ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። አንዳንዱ ሳጥን ጥጉ በጨው ዝጎ ይመጣል። ሌሎቹ ተደግፈውት ያወራሉ፣ እኔ አልነካውም። የዚያን ቀን ግን ባሕር ማለት ሰማያዊ ነው ብዬ ሁለት ሰማያዊ ፌስታል ቀደድኩና አልጋው ግርጌ ዘረጋኋቸው። ጫፉን በቀይ አሽ ያዝኩት። የመጨረሻዋን ራጂ ሳያይዝ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ውጭ ልጆች በዱላቸው መሬት እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ማለት ጀምረዋል።

አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ያዝኩት። «ና! ና! አለቀ!» እያልኩ እጁን ጎተትኩት። የወንድሜ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ሐዲዱን በዓይኑ ከደወሌ ተነሥቶ እስከ ፌስታሉ ድረስ ሄደበት፣ እንደ ድሮ ሥራው፣ ብሎን በብሎን። ከዚያ ዞሮ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመኝ።

«ጎበዝ» አለኝ። «ጎበዝ ልጄ።»

ባቡሩን አዳማ ላይ አስቀምጦ ለቀቀው። ሞተሩ እያቃሰተ ተነሣ። ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ። አንድም ቦታ አልወደቀም። እኔ ከጎኑ እየሮጥኩ እጮህ ነበር፣ እስቅ ነበር፣ ከሶፋው ጋር እጋጭ ነበር። ደወሌን አለፈ፣ ፌስታሉን በአፍንጫው ነካና ቆመ። አባቴ አንሥቶ አዳማ መለሰው፣ እንደገና ለቀቀው። እኔም እንደገና ሮጥኩ። ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ባትሪው እስኪደክም ድረስ እንዲህ ስንደጋግም ዋልን። እሱም እንደ እኔ የተደሰተ መሰለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነጂው ብቅ አለ። ከበሩ ሆኖ ሐዲዱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ስልኩን አየ፣ የተቃጠለ ጣቴን አየ። «አቦ» ብቻ ብሎ ሳይቀመጥ ወጣ። የግቢውን በር ልዘጋ ስከተለው ከአጥሩ ውጭ ለጣቢያ ሹሙ ሲደውል ሰማሁት። «ልጅቷ ጨርሳዋለች። ስልክ ይዞ ተቀምጧል። እስከ ፍልሰታ ፍቺ መጠበቅ አይሆንም፣ ከአሁን በኋላማ ግፍ ነው፣ ግፍ ነው አቦ!» ያ ትልቅ ሰውዬ አጥራችንን ተደግፎ ያለቅስ ነበር።

አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ገብቶኛል። ገብቶኝም ወደ ቤት ተመልሼ ለሆያ ሆዬ ልጆች ሙልሙል ሰጠሁ፣ ለአባቴ እራት አቀረብኩ።

ነጂውና ጣቢያ ሹሙ የሰሙት ነሐሴ ሲብት ነው። ጅቡቲ የሚኖር የነጂው የእህት ልጅ ነበር የደወለው። ጀልባው ተገልብጧል፤ ከወንድሜ ጋር ከወጡት የሰፈራችን ልጆች አንዱ ተርፎ፣ ወንድሜን አሸዋው ላይ አግኝቶ በገዛ እጁ እንደቀበረው ነግሮታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መከሩ። እናትየው ሱባዔ ላይ ናት፣ ጾሙ ይፈታና እናርዳቸው ተባባሉ። አባትየው ደግሞ ሐዲዱ ካለቀ ስልክ መጠበቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ ሐዲዱ እስከዚያ ማለቅ የለበትም። ሚስማሩ የተነቀለው፣ ድልድዩ የተረገጠው ለዚህ ነበር።

ማግስቱ ቡሄ ስለሆነ በበዓል መርዶ አይነገርም ብለው አንድ ቀን ታገሡ። በአሥራ አራተኛው ቀን ንጋት ላይ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ልትወጣ የግቢውን በር ስትከፍት ቆመው አገኘቻቸው። ጣቢያ ሹሙ፣ ነጂው፣ ከአሰላ የመጣው አጎቴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላ የሰፈር ሴቶች። ጣቢያ ሹሙ ከሰዓት እንጂ ጠዋት መጥቶ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ «አካም ኦልተን» ነበር የሚለን፣ እንዴት ዋላችሁ። የዚያን ቀን «አካም ቡልተን» አለ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም። እናቴ በጉልበቷ ወደቀች።

ጩኸቷን አላወራውም። አባቴን ይይዙት ዘንድ ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ቆመው ነበር፤ አልተወራጨም። ሐዘንተኛ መቀመጫ ሲያጣ የእድር ሰዎች ችፑዱን እያነሡ ግቢ አወጡት። ዝናብ ወረደበት። ሐዲዱ አበጠ፣ የፈንታሌ ጀሶ ቀልጦ ነጭ ጭቃ ሆነ፣ ከሥሩ ዶሮዎች ተጠለሉ።

እናቴ ለመጣው ለሄደው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው። «ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሁለት ቀን ቢጠብቁኝ ምን ነበረበት?» አሥራ አምስቱን ቀን ብትፈጽም ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር ብላ እስክትሞት አምናለች። ልጇ ከተቀበረ ሳምንታት እንዳለፉት ብታውቅም ታምን ነበር፤ የእናት ሒሳብ ሌላ ነው። ያቻኮለውም ነጂው ነው ብላ ቂም ያዘችበት። ቤታችን ሲመጣ ተነሥታ ጓዳ ትገባለች። እሱ አንድ ቀን እንኳን «ልጅሽ ናት ያስቸኮለችን» አላለም። ጥፋቴን ተሸክሞ ሲመጣና ሲሄድ ኖረ። እኔም ዝም አልኩ። ባሌ የማያውቀው ግማሽ ይህ ነው።

አባቴ ከእናቴ በኋላ አምስት ዓመት ቆየ። መጨረሻው ላይ አልጋ ሲይዝ በወንድሜ ክፍል አስተኛሁት፣ አየር ይገባል ብዬ። ከሰዓት ሁል ጊዜ ከሥራ እንደተመለስኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ከከተማው ወዲያ አዲሱ ባቡር ሲያልፍ ነፋሱ ከመጣ ድምፁ ይሰማል። «ይሄኛው ብሎኑ አይሰማም» ይላል፣ እንደ ቅሬታ።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁ። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ሐዲዱን እኔ ባልጨርሰው ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«እንደሞተ። ያ ሰውዬ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ባቡር አዘግይቶ አያውቅም። ችፑድ ሲያዘገይብኝ ገባኝ።» ትንፋሽ ወሰደ። «ሚስማር ሲነቅል ጉጠቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ካልነገሩኝ ገና መንገድ ላይ ነው ብዬ።»

እጁን ይዤ የጎተትኩበት ቀን መጣብኝ። በር ላይ የቆመው አቋቋም፣ ሁለቱን ጉንጬን መሳሙ፣ ጎበዝ ማለቱ። ያንን ሁሉ እያወቀ ነበር ያደረገው። ስንት ቀን ሙሉ በጥርሱ የያዘውን ነገር እኔ በደስታ ፈታሁበት። ማልቀስ ጀመርኩ፣ እንደ ልጅ፣ በአፍንጫዬም በአፌም።

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም? ለምን ባቡሩን አስነሣህልኝ?»

ፊቱን ወደ ጣሪያው መለሰ። 

«እየሮጥሽ ትስቂ ነበር» አለ። «ከነገ በኋላ እንዲያ እንደማትስቂ አውቃለሁ። ትንሽ ይቆይላት ብዬ ነው ደጋግሜ የለቀቅኩት።»

ከዚያ ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ አለኝ። ከፍ አደረግኩለት።